የአንዲት ፍሬ ጤፍ ምስክር

እጅጌ ይዞ የሚያስቆም ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ የልጁን የፈተና ውጤት፣ ሌላው ሐኪም ከኩላሊቱ ያወጣለትን ጠጠር፣ ሦስተኛው በጓሮው ያበቀለውን ዱባ ካላሳየ አይለቅም። ብትቸኩሉ፣ ዝናብ ቢመታችሁ፣ ቀብር ቢረፍድባችሁ ጉዳዩ አይደለም። «ይኼን ሳታዩማ አትሄዱም» ይላል፤ አይታችሁ ትሄዳላችሁ። የደብረ ታቦሩ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ እሱ የሚያሳየው ነገር አይታይም ነበርና።

ጌጡ ይባላል። በመንግሥት ወረቀት ላይ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። የከተማው ሰው ግን «ሊቀ ጤፍ» ብሎ ሾሞታል፤ ሹመቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጌጡ በአንዲት ፍሬ ጤፍ ላይ ጥማድ በሬ ከነአራሹ ይቀርጻል። በግማሽ ፍሬ ላይ አንበሳ ያስተኛል። በስንዴ ፍሬ ላይ መሥራት ለሱ ሜዳ ላይ እንደ መፈንጨት ስለሆነ ስንዴ የሚነካው እጁን ለማፍታታት ብቻ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የባለርስቱ ሁሉ መሬት ሲወረስ፣ የጌጡን ርስት ለመለካት ገመድ ይዞ የመጣ አልነበረም።

መሣሪያው የልብስ መርፌ ነው። ጫፉን በድንጋይ እየሳለ እየሳለ ከመርፌነት ያወጣዋል። ለማንሻ የድመት ጺም፣ ለማጣበቂያ የእንቁላል ነጭ ይዟል። ቡና እጅ ያንቀጠቅጣል ብሎ አይጠጣም። ጠላም አይቀምስም። ከሰውም አይጣላም፤ ንዴት ለሦስት ቀን ከጣት አይወጣም ባይ ነው። መርፌዋን የሚያንቀሳቅሳት በሁለት የልብ ምት መካከል ባለችው ዝምታ ነው። የመንግሥቱ ማይክሮስኮፕ ከጧት ጀምሮ አክታና ሰገራ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ደም ሲመረምር ያረፍዳል። በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የማይክሮስኮፑን መስታወት ስታገኘው፣ ያን ጊዜ ማይክሮስኮፑ የጌጡ ይሆናል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የወደቀው በበላይነህ ላይ ነበር። በላይነህ የጤና ጣቢያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የበሽተኛ ካርድ ያወጣል፣ የበሽተኛ ካርድ ይመልሳል። የሱን ክፍልና ላቦራቶሪውን የምትለያቸው አንዲት የጣውላ ግድግዳ ናት። ልክ በስድስት ሰዓት ተኩል ግድግዳዋ ሁለቴ ትንኳኳለች። በላይነህ ሊጎርስ ያዘጋጀውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጥና የምሳ ዕቃውን ከድኖ ይነሣል።

«ትንፋሽህን ዋጥ አድርግና ዝቅ በል» ይለዋል ጌጡ።

የመጀመሪያው ቀን አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ነበር፤ ጌጡ ከጎንደር ተመድቦ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። በላይነህ ዝቅ አለ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈነ፣ በቀኙ ተመለከተ። የታየው ግራጫ ጉምና እንደ አጥር የቆመ የገዛ ሽፋሽፍቱ ነበር። ጠበቀ። ጉሙ ያው ጉም፣ አጥሩም ያው አጥር ሆነ። ሆዱ ጮኸ። ጌጡ ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች ሰው ይመስል ከጎኑ ተንቆራጠጠና «አየኸው?» ሲል ጠየቀው።

«አየሁ» አለ በላይነህ።

ከአፉ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። በማግስቱ ሌላ ጤፍ መጣ። ዓመት ሲሞላው «ያኔ አላየሁም ነበር» ማለት ነውር ሆነ፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ወንጀል መሰለው። ስለዚህ ሥራውን በወጉ ተማረው። ዝቅ ይላል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ በልቡ እስከ ሠላሳ ይቈጥራል፣ ቀስ ብሎ ቀና ይልና ራሱን ይነቀንቃል። ቶሎ አያደንቅም፤ ቶሎ ማድነቅ እንደሚያስነቃ ደርሶበታል። ይልቅ «የቱ ጋ ነው ያስቸገረህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጌጡ ሁሉንም ይናገረዋል፤ የበሬው ቀንድ እንዴት እንደተሰበረና እንዴት እንደቀጠለው፣ አራሹ ለምን ግራ እግሩን እንዳስቀደመ፣ ሞፈሩ ከምን እንደተሠራ። በላይነህ በዓይኑ ያላየውን ሁሉ በጆሮው ያውቀው ነበር።

ለልብስ ሰፊው ለሙላቴ ግን ያማርራል። ይኼ ሰው ምሳዬን በላው፣ በሱ ጤፍ ምክንያት እኔ የጤፍ እንጀራ በትኩሱ በልቼ አላውቅም እያለ። ሙላቴ ይስቃል። ሙላቴም በገበያ ቀን ተይዞ ገብቶ አይቷል፤ «አየሁ» ብሎ ወጥቷል። የከተማው ሰው ሁሉ በየተራው እንዲሁ አይቷል። በላይነህ ከሕዝቡ ሁሉ ተለይቶ የሱ ዓይን ብቻ የታወረ ይመስለው ነበር። ያፍራል፤ ምስጢሩንም ለማንም አልተናገረም።

ስለ ጌጡ የሚወራው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ከጉና ሥር የመጣ ገበሬ ሆዱን አሞት ሰገራውን ሰጥቶ ውጤት ይጠብቃል። ጌጡ የምርመራውን መስታወት አንሥቶ ጤፉ ያለበትን የራሱን አስገባና ገበሬውን እጅጌውን ይዞ ወደ ሌንሱ አስጠጋው። ሰውዬው ገበሬ ነውና ትዕግሥት ነበረው፤ ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ጥማድ በሬና የሚያርስ ሰው እንዳየ ተናገረና «ይኼ ሁሉ በሆዴ ውስጥ ነው የሚያርሰው?» ሲል ጠየቀ። ጌጡ እስኪያስረዳው ድረስ ሰውዬው ተቀምጦ ውኃ ተረጨበት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ውዴ፣ ቤቷን እንደምትወድ ሴት፣ መስታወቱ ላይ አቧራ አይታ በጨርቅ ጠረገችው። አቧራዋ የስምንት ወር ሥራ ነበረች፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ። ጌጡ አልተቆጣም። ሦስት ቀን ግን አጎንብሶ ዋለ። በላይነህ ቀልድ አድርጎት ለቅሶ ሊደርስ ገባ፤ «እግዜር ያጥናህ» አለው። ጌጡ ከልቡ «አሜን» ሲለው ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። በላይነህ ያን ዕለት አብሮት ተቀምጦ ዋለ። ለምን እንደሆነ ራሱም አልገባውም።

በ1976 ክረምት ጓድ ካሳሁን መጣ። ካሳሁን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተላከ ወጣት ካድሬ ነው፤ ካኪ ልብሱ ይሰፋዋል፣ የበላይ አለቆቹን እንደ እሳት ይፈራል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመስከረም ሊከበር ነው፤ ጎንደር ላይ ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል፤ ከየአውራጃው አንድ ድንቅ ነገር እንዲመጣ ታዟል። ሌላው አውራጃ ሦስት ሜትር ሐውልት እያሠራ ነው ተብሏል። ካሳሁን ለሐውልት የሚሆን ሲሚንቶ የለውም። ጤፍ ግን አለ።

ላቦራቶሪው ገብቶ ናሙና አየ። «አየሁ» አለ። ከዚያም ትእዛዙን ሰጠ፤ ወዝአደሩ፣ አርሶ አደሩና ወታደሩ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ በአንዲት ፍሬ ጤፍ ላይ ይቆሙ። ጌጡ ደስታው ወሰን አጣ። ሰው እስከ ዛሬ እየተለመነ ነው ያየው፤ ሥራልን ብሎ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ካሳሁን ነበር።

ያ ክረምት ክፉ ክረምት ነው። በጋይንትና ከዚያም በላይ ዝናብ ጠፍቶ ሰው ልጆቹን ተሸክሞ በእግሩ እየመጣ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ያርፋል። የበላይነህ የካርድ ወረቀት አልቆ በአሮጌ ካርድ ጀርባ ይጽፍ ጀመር። ጌጡ ከጧት እስከ ማታ ደም ሲመረምር ይውልና በምሳ ሰዓት መርፌውን ያነሣል። ግድግዳዋ አሁንም ሁለቴ ትንኳኳለች። በላይነህ ይሄዳል፣ ዝቅ ይላል፣ እስከ ሠላሳ ይቈጥራል፤ ጌጡም ወታደሩ እንዳስቸገረው፣ ወዝአደሩ ቀኝ እጁን እንዳነሣ፣ ገበሬው መካከል ሆኖ ሰንደቁን እንደያዘ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ እንደሆነ ይነግረዋል።

በነሐሴ መጨረሻ ሥራው አለቀ ተባለ። ወደ ጎንደር ከመሄዱ በፊት የከተማው ሰው ተሰልፎ እንዲያይ ተደረገ። ሙላቴ አየ፣ ውዴ አየች፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አየ፣ የመድኃኒት ክፍሉ እሸቴ አየ፣ በላይነህም አየ። ጌጡ መስታወቱን በጥጥ አልብሶ በፔኒሲሊን ካርቶን ከተተውና ለካሳሁን አስረከበው። አደራ፣ የሚያየው ሰው ትንፋሹን ይያዝ አለው። ካሳሁን ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልጅ የታቀፈ ሰው መስሎ ሄደ።

ጎንደር ላይ የሆነውን በኋላ ሁሉም ሰማ። ካሳሁን በሰው ግፊያና በጭብጨባው መካከል አደራውን ረሳው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው ወደ ሌንሱ ዝቅ አለና በረጅሙ «እፎይ» አለ፤ ብዙ ደረጃ ወጥቶ ነበር የመጣው። ቀጥሎ ዝቅ ያለው ሰው መስታወቱ ባዶ መሆኑን ተናገረ። ትልቁም ሰው ምንም እንዳላየ ተናገረ። ካሳሁን በካኪው ተንበርክኮ የአዳራሹን ወለል በባትሪ ሲፈትሽ አመሸ። በማግስቱ፣ ለመሆኑ እዚያ መስታወት ላይ መጀመሪያውኑ የነበረ ነገር አለ ወይ የሚል ጥያቄ ከላይ ወረደ። ካሳሁን መልስ ያስፈልገው ነበር።

ጌጡ በመስከረም መጨረሻ ከላቦራቶሪው ተወሰደ። በጥቅምት በቀበሌው አዳራሽ ጉዳዩ ታየ። ባዶ መስታወት ልኮ በአብዮቱ ላይ አላግጧል የሚል ነው ክሱ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ ሰውን የት እንደሚያደርስ በአዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አይተናል ያሉት ሰዎች መጥተው ያዩትን ይናገሩ።

በላይነህ ሌሊቱን ሙሉ አስቦበት ነበር። ዓይኔ ደካማ ነው ሊል ወስኗል፤ ደግሞም እውነት ነው። ሌሎቹ ስላዩ ይበቃል፤ የሱ ምስክርነት ምንም አይጨምርም። በዚህ ልቡን አሳርፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሙላቴ ተጠራ። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ በእውነቱ ምንም እንዳላየ፣ ለይሉኝታ «አየሁ» እንዳለ ተናገረ። ቀጥሎ እሸቴ፤ እሱም የታየው ጉም ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ውዴ አለቀሰች፤ ጋሽ ጌጡን እንዳላስቀይም ብዬ ነው አለች። የቀበሌው ሊቀመንበርም በሥራ ብዛት በደንብ እንዳልተመለከተ አስረዳ። በላይነህ ጆሮውን ማመን አቃተው። ያን ሁሉ ዓመት ብቻውን የታወረ መስሎት የኖረው ከተማው ሁሉ እንደሱ ታውሮ ነው።

ከዚያ ጌጡን አየው። ጌጡ በሁለት ዘበኞች መካከል ቆሟል። ሙላቴ ሲናገር የገረመው ይመስል ነበር። እሸቴ ሲናገር በትንሹ ፈገግ አለ፣ ነገሩን ሰው ላይ አጥብቆ እንደማይዝ ሰው። ሊቀመንበሩ ሲጨርስ ግን ዓይኑን ወደ እጆቹ መለሰና እዚያው ተወው። አዳራሹን ረስቶታል። ምናልባት ክሱንም ረስቶታል። በላይነህ ውዴ መስታወቱን በጠረገች ጊዜ ያየውን ፊት አሁን እንደገና ያየ መሰለው፤ የአሁኑ ግን የስምንት ወር ሥራ የጠፋበት ሰው ፊት አልነበረም።

«ጓድ በላይነህ፣ አንተስ?» አለ ካሳሁን።

በላይነህ ተነሣ።

«አየሁ» አለ።

ካሳሁን ብዕሩን አስቀምጦ፣ ሐሰተኛ ምስክር ከተከሳሹ እኩል እንደሚጠየቅ አስታወሰው። በላይነህ እንደሚያውቅ ተናገረ።

«ምን አየህ ታዲያ?»

«ሦስት ሰዎች። ወዝአደሩ በስተቀኝ ነው፤ ቀኝ እጁን አንሥቷል፣ በግራው መዶሻ ይዟል። ወታደሩ በስተግራ፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ አፈሙዙ ከጆሮው ከፍ ይላል። ገበሬው መካከል ሆኖ ሰንደቁን በሁለት እጁ ይዟል። ባዶ እግሩን ነው። ሱሪው ግራ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል።»

«መጣፊያውን ሳይቀር አየህ?»

«መጣፊያውን ሳይቀር። ክሩ ይለያል።»

ካሳሁን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ይኼን ሰው የሰማይ ስጦታ አድርጎ እንደቈጠረው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ጤፉ ላይ ነገር ከነበረ ካሳሁንም ባዶ መስታወት ጎንደር ድረስ የተሸከመ ሞኝ አይደለም። እየፈጠነ መጻፍ ጀመረ። ጌጡ ዓይኑን ከእጆቹ አንሥቶ በላይነህን ያየው ያን ጊዜ ነው። ዓይኑን ሳይነቅል ነበር ያየው። በላይነህ ምስጋና መሰለው፤ አንገቱን ደፋ።

ክሱ ከአብዮት ጠላትነት ወደ ጥንቃቄ ጉድለት ወረደ። ጌጡ አሥራ አንድ ወር ተፈረደበት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይኼን እንደ ምሕረት ይቈጥረው ነበር። የታሰረበት ቤት ግን መስኮት የለውም። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በላይነህና የጌጡ ሚስት ፈንታነሽ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። ጌጡ በየጊዜው ቀኝ ዓይኑን እየጠራረገ ይወጣል። በመጋቢት ሞራ ጋርዶት ነበር። ግራውም ተከተለ።

አንድ እሑድ ሲመለሱ ፈንታነሽ መንገድ ላይ ቆመች። ጸጥተኛ ሴት ናት፤ ባሏ ሲታሰርም ጮኻ አላለቀሰችም።

«ጋሽ በላይነህ፣ ያን ነገሩን ያዩለት አንቱ ብቻ ነዎት» አለችው። «እኔ ሚስቱ ሆኜ አንድ ቀን አላየሁለትም። ሲጠራኝ እሳት ላይ ጥጄ ነው እለው ነበር። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ይመስላል?»

በላይነህ እዚያው እንደቆመ ነገራት። በሬዎቹን፣ አንበሳውን፣ ክቡን ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉንም በጌጡ ቃል ነገራት። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ሲጨርስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችው፤ ዓይንዎን ይባርክልኝ አለችው። በላይነህ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም። ጌጡ ሲፈታ እውነቱን ሊነግረው ማለ።

ጌጡ በመስከረም 1978 ተፈታ። ላቦራቶሪው ሌላ ሰው ተመድቦበታል፤ ማይክሮስኮፑን መንካት ተከልክሏል፣ ባይከለከልም በዚያ ዓይኑ አይሆንለትም ነበር። ካርድ እንዲያመላልስ መዝገብ ቤት መደቡት፤ ከበላይነህ ጋር በአንድ ክፍል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግድግዳዋ አትንኳኳም። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ። በላይነህ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ምሳውን በትኩሱ መብላት ቻለ፤ ግን አልዋጥ አለው። ጌጡ ማንንም እጅጌ ይዞ አላቆመም። ሙላቴ አንድ ቀን አፍሮ አፍሮ መጣና የምታሳየኝ የለም ወይ አለው። ጌጡ በትሕትና ምንም እንደሌለ ነገረው፤ ሻይ ጋበዘውና ሸኘው። ሙላቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

እስር ቤቱ ቀዝቃዛ ስለነበር የጌጡ አጥንት ይቆረጥመዋል። በጥር በላይነህ ፈቃድ ጠየቀና ይዞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ፤ እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግርና በበቅሎ። እንፋሎቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ጌጡ ሙቁን ውኃ በእጁ እየቀዳ ትከሻው ላይ ሲያፈስ፣ በላይነህ የማለውን ተናገረ።

«ጌጡ፣ እኔ አንድም ቀን አላየሁም።»

ጌጡ ውኃውን ማፍሰሱን አልተወም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ያን ዕለት ሌንሱን ገና አላስተካከልሁትም ነበር። የማይታየውን ነገር አየሁ አልኸኝ።»

በላይነህ ሲሸማቀቅ ጌጡ ጥቂት ሳቀ፤ ከተፈታ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ረጋ ብሎ ነገረው። ጎንደር በሄደችው ጤፍ ላይ ሦስት ሰዎች አልነበሩም። ሰንደቅም አልነበረም። ወታደሩ አንገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰብሮበታል። ሁለት ቀን ሲቀረው ተወውና በመስኮቱ አሻግሮ የሚያየውን አንድ የጋይንት ሰው ቀረጸ፤ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ያለ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ያደረገ። ሰውዬው ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ሆኖ ልጁን ሲያስታምም አይቶታል። በአሥረኛው ቀን ቦታው ባዶ ነበር።

በላይነህ በፍሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ በረደው። ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ እንኳ እንደዚያ እንደ ጉናው ገበሬ ታግሦ አይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለአብዮቱ በዓል የተላከው አንድ የተራበ ሰው እንደነበረ አዳራሹ ውስጥ ይነገር ነበር። ጌጡ ዛሬ እዚህ አይቀመጥም ነበር።

«ታዲያ አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ ያየኸኝ...»

«ሦስቱን ያቆምሃቸው አንተ ነህ። እኔማ አቅቶኝ ነበር። ስትናገር መጣፊያው ሳይቀር ታየኝ።»

በላይነህ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር።

«ካወቅህ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ጠራኸኝ?»

ጌጡ መልሱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ከድሮ ጀምሮ ያውቀው ኖሯል።

«ሌላው ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል። አንተ ሳታይ አሥር ዓመት መጣህ።»

ጌጡ ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። የቀሩት ጤፎቹ የት እንደወደቁ የሚያውቅ የለም፤ ፈንታነሽ ሣጥኑን ስትከፍት ጥጥ ብቻ አገኘች፣ ወይም ጥጥ ብቻ ያገኘች መሰላት። ይኼ ግን ገና ወደፊት የሚመጣ ነበር። ያን ዕለት ከፍል ውኃው ወጥተው፣ ጌጡ የበላይነህን ክንድ ይዞ፣ ቀስ እያሉ ወደ ሐሙሲት መንገድ ጀመሩ። ወንዙ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፉ ከማዶ የሰው ድምፅና የበሬ እግር ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለ ጌጡ፤ ፊቱን ወደ ድምፁ መልሶ።

«ይወቃሉ» አለ በላይነህ።

ጌጡ ፊቱን ከማዶ ሳይመልስ ጠበቀ። በላይነህ ቶሎ እንደመለሰ ታወቀው፤ አፈረ። እጁን ከግንባሩ በላይ አድርጎ ማዶውን ተመለከተ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቆይቶ የተመለከተው ነገር አልነበረም። ከዚያ መናገር ጀመረ። አራት በሬዎች ናቸው፣ አንዱ ቡሬ ነው፤ የኋላ ግራ እግሩን ያነክሳል፣ ሲዞር ግን አይታወቅበትም። አውድማው ዳር አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ወፍ መጥቶ ሲያርፍ እጇን ታነሣለች፤ ደክሟታል መሰለኝ ግማሽ መንገድ ላይ ትተወዋለች። አንድ ሽማግሌ መንሽ ይዞ ነፋስ ይጠብቃል።

«ሽማግሌው ምን ለብሷል?» አለ ጌጡ።

በላይነህ እንደገና ተመለከተ። የሐሙሲቱ አውቶቡስ ጥሏቸው እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አልተነሡም።